ከስልኩ በፊት ጆሮ



ዘንድሮ በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ያስጀመርነው የዲጂታል ትረካ ፕሮጀክት በግቢያችን ብዙ አነጋግሯል። በወላጆች ስብሰባ ላይ የተቹትም ያመሰገኑትም ነበሩ። ሥራው እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ተማሪ ከቤተሰቡ ወይም ከሰፈሩ አንድ እውነተኛ ታሪክ ይመርጣል፣ ይጽፋል፣ በራሱ ድምፅ ያነብባል፣ በፎቶግራፍ አጅቦም ከ3 ደቂቃ የማይበልጥ ፊልም ያደርገዋል። ከፊልሙ ጋር «ምን ተማርኩ?» የሚል የአንድ ገጽ ጽሑፍ ያስረክባል። ፊልሞቹን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። እኛ በዚህ መጽሔት ላይ ልናነሣ የወደድነው ግን ጽሑፎቹን ነው፤ ፕሮጀክቱ በሚመጣው ዓመትም መቀጠል አለበት የምንልበት ምክንያት በእነዚያ ገጾች ውስጥ ይገኛልና።

በቅድሚያ የወላጆችን ስጋት እናንሣ። ስጋቱ ሁለት ነው። አንደኛው ስልክ ነው፤ ቤት ውስጥ ከልጁ እጅ ለማስጣል የምንታገለውን ዕቃ ትምህርት ቤቱ ራሱ ለምን መልሶ ያስይዘዋል? ሁለተኛው ፈተና ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ቁጥሩ 3.2 በመቶ ሆነ። ይህን የሰማ አባት «ልጄ ሒሳብና ፊዚክስ ያጥና እንጂ ፊልም ምን ያደርግለታል?» ቢል አንፈርድበትም። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ብለው የተረቱብንም አሉ።

እኛ ፊልም የሠራ ሁሉ ፈተና ያልፋል አንልም። የምንለው፣ ልጆቹ በዚህ ሥራ ያሳለፉት ጊዜ ሌላ ትምህርት የማይሰጣቸውን ልምምድ ሰጥቷቸዋል ነው። የትኛውን ልምምድ እንደሆነ በሁለት ተማሪዎች ሥራ እናሳያለን። ስማቸውን አንጠቅስም፤ ጽሑፋቸውን እንድንጠቀም ግን እነሱም ወላጆቻቸውም ፈቅደውልናል።

የመጀመሪያዋ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። አያቷ ድሬዳዋ ላይ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። የመጀመሪያ ረቂቋ በዓመተ ምሕረት የተሞላ ነበር፤ የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ እንደደረሰ ይተርካል። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን አያቷ በጽሑፉ ውስጥ የሉም። ያን የመሰለ ጽሑፍ ከኢንተርኔት መቅዳት ወይም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማስጻፍ ይቻላል። የአማርኛ መምህሯ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቋት፦ «አያትሽ ወደ ሥራ ሲሄዱ ምሳቸውን በምን ይዘው ነበር የሚሄዱት?» አላወቀችም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ወደ አያቷ መመለስ ግድ ሆነባት።

በስልክ ደውላ 40 ደቂቃ ቀዳቻቸው። ከዚያ የተቀዳውን ሁሉ ቃል በቃል በፊደል ገለበጠችው፤ ሦስት ምሽት ፈጀባት። በጽሑፏ ላይ የከበደኝ የምትለው ይህን ነው እንጂ ፊልሙን ማቀናበር አይደለም። አያቷ እንደ ጸሎት በአንድ ትንፋሽ የሚዘረዝሯቸውን ጣቢያዎች፣ ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ እያለች በትክክል ለመጻፍ አሥር ጊዜ መልሳ ሰማች። ከዚህ በፊት አያቷን እንዲህ አድርጋ ሰምታቸው እንደማታውቅ፣ ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ ስልኩን ለእናቷ ታቀብል እንደነበር ጽፋለች።

ሌላም ነገር አገኘች። አያቷ «ፉርጎ» ይላሉ፣ «ለገሀር» ይላሉ። ለእሷ እነዚህ የቆዩ የአማርኛ ቃላት ነበሩ። በፊደል ስትገለብጣቸው ግን እዚሁ ጅቡቲ በየመንገዱ ከምታነብበውና ክፍል ውስጥ ከምትማረው ፈረንሳይኛ ጋር ገጠሙባት። የአያቷ ሥራ ቋንቋና የእሷ ከተማ ቋንቋ በአንድ ሐዲድ ላይ የመጡ መሆናቸውን ማንም አልነገራትም፤ ራሷ ደረሰችበት። ከ40 ደቂቃው ለፊልሙ የቀረው ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው። የቀረውን መጣል ነበረባት። ምን እንደሚጣልና ምን እንደሚቀር መወሰን፣ ለውሳኔውም ምክንያት መስጠት ደግሞ በየትኛውም ፈተና ላይ ረጅም ምንባብ አንብቦ ዋናውን ሐሳብ ለማውጣት የሚያስፈልገው ችሎታ ነው። የመጨረሻው ጽሑፏ ሰባተኛ ረቂቋ ነበር። አንድን ድርሰት ሰባት ጊዜ በፈቃዱ የሚጽፍ ተማሪ በሌላ ትምህርት አልገጠመንም።

ሁለተኛው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። እሱ የመረጠው ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን ስለተሻገረ አጎቱ ነበር። በባብ ኤል መንደብ በኩል ባሕሩ በጠባቡ ቦታ ከ30 ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ አጎቱ ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ አልደወለም። ልጁ ታሪኩን በሚገባ ጻፈው። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል እናቱ ሰሙ። «የወንድሜ ሐዘን በአዳራሽ አይታይም» አሉ።

እዚህ ላይ ትምህርት ቤት ሊወስን የሚገባው ነገር አለ። ፊልሙ ጥሩ ነበር፤ ለወጣቶችም ትምህርት ይሆናል ብሎ መከራከር ይቻል ነበር። እኛ ግን የቤተሰብ ሐዘን የትምህርት ቤት ንብረት አይደለም ብለን እናምናለን። ስለዚህ ፊልሙ አልታየም፤ መምህሩ ጽሑፉን ብቻ አርመው ሙሉ ውጤት ሰጡት። ልጁ በ«ምን ተማርኩ?» ጽሑፉ ላይ በመጀመሪያ እንደተናደደ፣ ኋላ ግን እናቱ አጠገቡ ተቀምጠው ጽሑፉን እንዲያነብላቸው እንደጠየቁት፣ ስለ አጎቱም ሰምቶት የማያውቀውን እንደነገሩት ጽፏል። ያ ታሪክ አንድ አድማጭ አገኘ፤ ልትሰማው የሚገባት እሷው ነበረች። ዛሬ ማንም ልጅ የማንንም ፊት በሰከንድ ለዓለም መልቀቅ በሚችልበት ጊዜ፣ «ይህ የእኔ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱን ልጠይቅ» ማለትን የተማረ ልጅ ትልቅ ነገር ተምሯል። ስልኩን ነጥቀን ብናስቀምጥበት ይህን አይማርም ነበር።

ዲጂታል ትረካ የሚባለው አሠራር በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ካሊፎርኒያ እነ ጆ ላምበርትና ዴና አችሊ ያስፋፉት ነው። የእነሱም ሥራ የሚጀምረው ከኮምፒውተሩ ፊት አይደለም፤ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቡና ተፈልቶ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ የሚወጋው ወግ ይኸው ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ከሌለ ተረቱ አይጀመርም። አባባ ተስፋዬም ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ መሣሪያው አዲስ፣ ልማዱ ግን የቆየ ነበር። ዘዴው ተቀይሯል እንጂ ነገሩ ቤታችን ያደገ ነው።

በጅቡቲ ለሚያድጉ ልጆቻችን ደግሞ የሚጨምረው አንድ ነገር አለ። መንገድ ላይ ሶማልኛና አፋርኛ፣ መሥሪያ ቤት ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ይሰማሉ። አማርኛ ለብዙዎቹ «ብላ»፣ «ተነሥ»፣ «ዝጋው» የሚባልበት የቤት ቋንቋ ሆኗል። መልእክት ሲላላኩም በላቲን ፊደል ነው። በዚህ ፕሮጀክት ግን በግዕዝ ፊደል መተየብ፣ ከዚያም የጻፉትን ድምፅ አውጥተው ማንበብ ግዴታ ነበር። ድምፅ ሲቀዳ ማራገቢያውም ኤሲውም ይዘጋል፤ አለበለዚያ ጩኸቱ አብሮ ይገባል። በግንቦት ሙቀት ላባቸው እየተንጠፈጠፈ፣ አንድ ቃል ተሳስተው እንደገና ከመጀመሪያው ያነበቡ ልጆች አሉ። «ጸሐይ»ን ወይም «ፀሐይ»ን እንዴት እንጻፍ ብለው የተከራከሩም አሉ። ስለ አማርኛ ፊደል በዕረፍት ሰዓት የሚከራከር ተማሪ ማየት ደስ አሰኝቶናል።

እንግዲህ ፕሮጀክቱ ይቀጥል ስንል እንደ ሁኔታው አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ስለዚህ ለሚመጣው ዓመት ሦስት ነገር እንዲጸና እንፈልጋለን።

አንደኛ፣ ጽሑፉ በመምህሩ ታይቶ ሳያልፍ ማንም ተማሪ ፎቶግራፍም ሙዚቃም አያስገባም። ከ100 ውጤት 60ው ለጽሑፉ፣ ለቃለ መጠይቁና ለ«ምን ተማርኩ?» ገጽ፣ 25ቱ ለድምፅ ንባቡ፣ 15ቱ ብቻ ለቅንብሩ ይሰጣል። ውድ ስልክ ያለው ልጅ በስልኩ ምክንያት አይበልጥም። ስልክ የሌለው ደግሞ በትምህርት ቤቱ መሣሪያ ይቀዳል።

ሁለተኛ፣ ታሪኩ የሚነካው ሰው ሳይፈቅድ ፊልም አይታይም፣ በማኅበራዊ ሚዲያም አይለቀቅም። ፈቃዱ ፊልሙ ከተሠራ በኋላ ሳይሆን ከመጀመሩ በፊት ይጠየቃል። ሐሳቡን የቀየረ ባለ ታሪክ በማንኛውም ጊዜ ማስቆም ይችላል፤ የተማሪው ውጤትም በዚህ አይቀነስም።

ሦስተኛ፣ ሥራው በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ተጀምሮ ያልቃል። የሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ጊዜ ለፈተና ዝግጅት የተጠበቀ ይሆናል። ወላጆች ያነሡት ሥጋት ተገቢ መልስ የሚያገኘው በዚህ ነው።

ለተማሪዎቻችን አንድ ቃል አለን። ታሪክ የላችሁም የሚል ስሜት ካደረባችሁ፣ ገና ማንንም አልጠየቃችሁም ማለት ነው። የጀልባ፣ የካሚዮን፣ የሐዲድና የወደብ ሥራ ያሳለፉ ሰዎች በየቤታችሁ አሉ። ትልልቆቹ ጥያቄዎች ሲያስቸግሯችሁ ትንንሾቹን ጠይቁ፤ ምሳ በምን ተይዞ እንደተሄደ ጠይቁ።

ለወላጆችም ልመና አለን። ክረምት ሲመጣ ከሙቀቱ ሸሽታችሁ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ሐረር ወይም ወደ አዲስ አበባ የምትወጡ ብዙዎች ናችሁ። እዚያ ያሉትን አያቶች ከልጆቻችሁ ጋር ለአንድ ሰዓት ለብቻቸው ተዉአቸው። ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፣ ስልኩ ቀጂ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። መስከረም ላይ ያን አንድ ሰዓት ይዘው ቢመጡልን፣ ከእሱ ጋር የሚሠራውን ሥራ እኛ እንቀጥላለን።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።

ርዕሰ መምህር