ስለ ጽሕፈት ትምህርትና ስለ ቀይ ቀለም

በድሬዳዋ ከተማ በፍርድ ቤትና በመሥሪያ ቤት ደጅ የሚቀመጠው የራፖር ጸሐፊ ዛሬም ገበያ አላጣም። በፊቱ የሚቀመጠውም ፊደል ያልቈጠረ ባላገር ብቻ አይደለም፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት በትምህርት ቤት ወንበር ላይ የኖረ የሳቢያን ጐልማሳ ገንዘቡን ከፍሎ የራሱን ጉዳይ በሰው ብዕር ያስጽፋል። ይህ ሰው ማንበብ ያውቃል፤ የእጅ ጽሕፈቱም መልካም ነው። ነገር ግን የልቡን ነገር አሰናድቶ በወረቀት ላይ ማኖር ይፈራል። እንግዲህ ይህ ፍርሃት ከወዴት መጣ?

ምንጩ ሩቅ አይደለም። መምህሩ በሰሌዳው ላይ ርእስ ይጽፋል፤ ዐርባ ደቂቃ ይሰጣል፤ ደብተሩን ይሰበስባል፤ በቀይ ቀለም ይፈርዳል። ለምሳሌ በቤቷ ሶማልኛ ወይም ኦሮምኛ የምትናገር አንዲት የሳቢያን ልጅ፣ በ1998 ዓ.ም ክረምት የደቻቱ ጐርፍ በሌሊት ሞልቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ስለ ገደለበት ጊዜ እናቷ ያጫወተቻትን ብትጽፍ፣ ደብተሯ ሲመለስ ምን ታገኛለች? የተሠረዙ ፊደላትንና በግርጌው «ከ10 4» የሚል ቍጥርን ታገኛለች። እናቷ በዚያች ሌሊት ምን ይዛ እንደ ወጣች፣ ውኃውም በየት በኩል እንደ ገባ የሚጠይቃት የለም። ከዚያም ቀን ጀምሮ አንድ ትምህርት በልቧ ይታተማል፤ ይኸውም ብዙ የጻፈ ብዙ ይሳሳታል፣ ምንም ያልጻፈ ምንም አይሳሳትም የሚል ነው።

አንዳንድ ሰዎች ግን «ድርሰት ስጦታ ነው፤ የተሰጠው ይጽፋል፤ ያልተሰጠው ቢደክምም አይሆንለትም» ይላሉ። ይህን የሚለው የውጭ አገር ሰው ቢሆን ባልደነቀ ነበር። የቅኔ ቤት ባለባት አገር ተወልዶ ይህን መናገር ግን ቤቱን አለማወቅ ነው።

የቅኔ ተማሪ በአንድ ቀን መወድስ እንዲቀኝ የሚያዝዘው መምህር ከቶ አልነበረም። አስቀድሞ ግሥና አገባብ ይማራል። ቀጥሎም ሁለት ቤት ባለው በጕባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። መምህሩ ይዘርፍለታል፤ ተማሪው ሰምቶ ወደ ዱር ወይም ወደ ጸጥታ ስፍራ ይወጣና ብቻውን ሆኖ ይቈጥራል፤ ተመልሶም ይነግራል። ሲነግርም የተሰበረው ይጠገናል፤ የጐደለው ይሞላል። ዛሬ የተቈጠረው ቢበላሽ ነገ ሌላ ይቈጠራል። ስለዚህ ስሕተት በቅኔ ቤት የዕለት ሥራ እንጂ የዕድሜ ልክ ፍርድ አይደለም።

በጎጃም የታወቁት የቅኔ መምህር እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ነበሩ። ቀይ ቀለም በእጃቸው አልያዙም፤ የተማሪውን ቅኔ በጆሯቸው ሰምተው ያቃኑ ነበር እንጂ። የዛሬው መምህር ሁለት ዓይን ሳለው የልጁን ነገር ከማዳመጥ ይልቅ ፊደሉን ብቻ ቢቈጥር፣ ከሁለቱ ዕውሩ ማን ነው?

በአሜሪካ ዶናልድ መሪ የተባለ የጋዜጣ ጸሐፊና መምህር በፈረንጆች አቈጣጠር በ1972 «ጽሕፈትን ስናስተምር የተጨረሰውን ወረቀት ሳይሆን የሚጻፍበትን መንገድ እናስተምር» የሚል ሐሳብ በጽሑፍ ባወጣ ጊዜ፣ የአገሩ መምህራን እንደ ዐዲስ ነገር ተቀበሉት። ዛሬም በኢትዮጵያ ይህን መንገድ «የፈረንጅ ፈሊጥ» እያለ የሚንቀው ሰው፣ የገዛ አያቱን በር እንደ ባዕድ በር የሚዘጋ ነው።

እርግጥ የቀድሞው ቤት ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። ዱላ ነበረበት፤ ለሴቶች ልጆችም በሩ ጠባብ ነበረ። መወሰድ የሚገባው ዱላው ሳይሆን ሥርዓቱ ነው።

«አንድ መምህር ስድሳ ተማሪ ይዞ የእያንዳንዱን ረቂቅ እንዴት ሦስት ጊዜ ያነባል?» ለሚሉም መልሱ ከዚያው ቤት ይገኛል። የቅኔ መምህር ብቻውን አልደከመም፤ ከፍ ያለው ደቀ መዝሙር አስነጋሪ ሆኖ የታናሹን ቅኔ ይሰማ ነበር። የሳቢያን ልጆችም ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ለሌላው ቢያነብ፣ ሰሚው ያልገባውን ቢጠይቅ፣ የመምህሩ ሸክም ይቀላል። «ስሕተትን ዝም ማለት ልጅን ማለስለስ ነው» የሚሉም ተሳስተዋል። እርማት ይቅር ያለ የለም፤ በጊዜው ይሁን ነው የተባለው። ሊጡ ሳይቦካ ምጣዱን የሚያግል ሴት ወይዘሮ አትባልም።

«የ12ኛ ክፍል ፈተና በምርጫ የሚመለስ ነው፤ ድርሰት ምን ይጠቅማል?» የሚሉም አሉ። የ2014 ዓ.ምን ፈተና ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። የዚህ ውድቀት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉም ከጽሕፈት ጉድለት መጣ ማለት አይቻልም። ነገር ግን ለፈተናው ሲባል ብዕርን የሠዋ ሰው በምን ትርፉ ይመካል? ልጁ ፈተናውንም አላለፈ፤ ማመልከቻውንም መጻፍ አልቻለ።

እንግዲህ መደረግ የሚገባው ከባድ አይደለም። በአንድ ርእስ ላይ ሦስት ሳምንት ይዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ልጁ በለመደው ቋንቋ ያስብ፣ ይናገር፣ ረቂቁንም ያለ ነጥብ ይጻፍ። በሁለተኛው ለባልንጀራው ያንብብ፤ መምህሩም አንድ መልካም ነገር አመስግኖ አንድ የሚቃና ነገር ያሳየው። በሦስተኛው ፊደሉና ነቍጡ ታርሞ በንጹሕ ወረቀት ይገልበጥ፤ ነጥብም ያን ጊዜ ይሰጥ። ሁሉን በቅጽበት መፍጠር የሚቻለው አምላክ እንኳ ዓለምን በስድስት ቀን ፈጠረ፤ ሰው ግን ሕፃኑን በዐርባ ደቂቃ ፍጹም ሁን ይለዋል።

ካህናትም የትምህርት ቤቱን ደጅ ብቻ አይጠብቁ። የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ በእጃቸው ነው፤ ቅኔውም የአባቶቻቸው ነው። በሚመጣው እሑድ አሥር ልጆች ረቂቃቸውን ይዘው እርስ በርሳቸው ቢያነቡ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። ያ ካልሆነ ግን የራፖር ጸሐፊው ጠረጴዛ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል፤ የሳቢያንም ሰው ስለ ገዛ ቤቱ የተጻፈውን የሌላ ሰው ቃል እየፈረመ ይኖራል።