ሰማያዊው ቀለምና ሦስቱ ታንኮች

ምጽዋን አይቶ የተመለሰ ሠዓሊ ሁሉ መጀመሪያ የሚጨርሰው ሰማያዊ ቀለሙን ነው። በ2010 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባና በአስመራ መካከል አውሮፕላን እንደገና መመላለስ ሲጀምር፣ ከመካከላችን ዕድል የቀናቸው ወርደው ቀይ ባሕርን አዩ። ተመልሰውም ያዩትን በትዝታ፣ በውሃ ቀለም ሣሉ። ክርክራችን ከነዚህ ሥዕሎች ጋር ነው።

በጥዋለት ደሴት ሦስት ታንኮች ከፍ ባለ መደብ ላይ ቆመዋል። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ሻዕቢያ ከተማዋን የያዘበት፣ «ፈንቅል» የተባለው ዘመቻ መታሰቢያ ናቸው። ታዲያ በሥዕሎቻችን ውስጥ እነዚህ ታንኮች የት ገቡ? ወይ ጨርሶ የሉም፤ ወይ እንደ ልጅ መጫወቻ አንድ ጥግ ተወሽቀዋል። ጀልባው ግን ተውቦ፣ ጀንበሯ ባሕሩ ውስጥ እየጠለቀች ወረቀቱን ሞልተውታል።

«በትዝታ ነው የሣልነው፤ ትዝታ የሰጠንን ነው ያኖርነው» ይሉናል። ኧረ ተዉ! በምጽዋ ፀሐይ ከባሕሩ ወገን ትወጣለች፤ የምትጠልቀው ከደጋው ተራራ ጀርባ ነው። ባሕር ውስጥ ያጠለቃት እጅ የተከተለው ትዝታን ሳይሆን የፖስታ ካርድን ነው። ሦስት ታንክ ተረስቶ ያልታየች ጀንበር ከታወሰች፣ ይህ መርሳት አይባልም። መምረጥ ነው።

የውሃ ቀለም ደግሞ ለሽሽት አይመችም። በዘይት ቀለም የሚሠራ ሰው ያልወደደውን በላዩ ደርቦ ይሸፍነዋል። የውሃ ቀለም ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ያሳያል። በወጉ ሲሠራ ነጩ ያልተነካው ወረቀት ራሱ ነው። ስለዚህ ሠዓሊው ብሩሹን ሳይነክር በፊት ምን እንደሚተው መወሰን አለበት። የተተወው ሁሉ ታስቦበት የተተወ ነው።

ለምን እንደሚሸሹ አይጠፋንም። መታሰቢያው የድል ነው፤ ድሉም የተገኘው በኛ አገር ሠራዊት ላይ ነው። በዚያ ጦርነት ከወደቁት መካከል በ1975 ዓ.ም. በታወጀው ብሔራዊ ውትድርና ከየገበሬው ጎጆ የተወሰዱ ልጆች ነበሩ። መታሰቢያው የቆመው ለነሱ አይደለም። ያማል። ግን የሚያምን ነገር ሰማያዊ ቢቀቡት ይድናል? ከተማዋ ከተያዘች በኋላ የደርግ አውሮፕላኖች መደብደባቸውን፣ ሰላማዊ ሰው ማለቁንስ በምን ቀለም ልንሸፍነው ነው? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እስቲ ብረቱን ራሱን እንመልከተው። ሻዕቢያ ታንክ ያገኘው በአብዛኛው ከደርግ ጦር እየማረከ ነበር። አንዱ የሶቪየት ብረት መጀመሪያ ያንዲቱን እናት ልጅ ይዞ ሄደ፤ ተማረከ፤ ከዚያ የሌላይቱን እናት ልጅ ይዞ ተመለሰ። በዚህም በዚያም ወገን ድንኳን ተጥሎ ተለቅሷል። ይህን የሚያህል ጉዳይ ፊቱ ተገትሮ ሳለ ጀልባ የሚሥል ሠዓሊ ምን ይባላል?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ታንኮቹ በሙሉ ክብደታቸው፣ ከነጥላቸው ይሣሉ። ያላስታወስነውን ጽሑፍም ሆነ ቁጥር ከራሳችን ፈጥረን አንጨምር። ከአጠገባቸው ግን፣ በዚያ ዳርቻ ወድቀው በዚያ ዳርቻ መታሰቢያ ላልቆመላቸው፣ የወረቀቱ ነጭ ሳይነካ ይቅር። ባሕሩም ይሣል፤ እነዚያ ሁሉ የሞቱት በሱ ዳር ነውና።

ዛሬ የቀይ ባሕር ስም እንደገና በየአፉ ነው። ውበቱን ብቻ እያየ ያደገ ትውልድ ዋጋውን ሳይጠይቅ ለመነሣት ይቸኩላል። ሥዕል ጦርነትን አያስቀርም፤ ዋጋውን ግን ማሳየት ይችላል። ይህን የማይደፍር ብሩሽ ታጥቦ ይቀመጥ።