ሐምሌ እዚህ ክረምት አይደለም

ሐምሌ ሲባል ጭቃና ጋቢ ትዝ የሚለን ሰዎች፣ ስዊድን ውስጥ ፊቲያ ላይ ስድስተኛ ፎቅ ተቀምጠን በላብ ስንጠመቅ ምን እንላለን? «እኛ አፍሪካውያን ሙቀት ምናችን ነው?» ከየት መጥተን ነው ግን? ብዙዎቻችን ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከደሴ፣ ቀን ፀሐይ ቢበረታ ማታ ነጠላ ከሚያስደርብ ደጋ አይደለም እንዴ? የአፋርን ገላ ማን አዋሰን?

ፊቲያ የተገነባችው ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1974 አንድ ሚሊዮን መኖሪያ ለመሥራት በተነሳችበት ዘመን ነው። ቤቶቹ የታሰቡት ለጥር በረዶ ነው። ሙቀት እንዳያመልጥ የተሠራ ቤት ሐምሌ ላይ ሙቀቱን በየት ያስወጣው? ፀሐይዋ እንደሆነች በሰኔ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ወጥታ ማታ 4 ሰዓት ነው የምትገባው። አከራዮችስ፣ ማሞቂያ ግዴታ ሆኖ የፀሐይ መከለያ ቅንጦት የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

የስዊድን ሜትሮሎጂ 26 ዲግሪ ለሦስት ቀን ሲጠበቅ ስለ ሙቀቱ መልእክት ሲያወጣ እንስቃለን። እ.ኤ.አ. በ2018 በጋ ከተለመደው በላይ 700 ያህል ሰው መሞቱን የሕዝብ ጤና ባለሥልጣኑ ሲገምትስ ማን ሳቀ?

መስኮት ሲከፈት «ንፋስ ይመታኛል» የሚሉ እናቶቻችንን ራሳቸውን ሲያዞራቸው፣ «ምች ነው» ብለን ዳማከሴ የምናፈላልገው እስከ መቼ ነው? (ዳማከሴን አልጠላም፤ ሽታው ራሱ አገሬ ነው።) በፍልሰታ የግፊት ኪኒን እየዋጡ ውሃ ሳይቀምሱ ዘጠኝ ሰዓት የሚጠብቁትንስ፣ ለታመመ ጾም እንደሚፈታ እያወቅን ለምን ዝም አልን?

ማዞር፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ብዙ ላብ ከመጣ ቶሎ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ፣ ውሃ፣ እርጥብ ጨርቅ። የታማሚው ንግግር ከተምታታ፣ ያለበትን ከሳተ፣ ገላው ከነደደ ግን ምን ይጠበቃል? 112 ይደወል። አምቡላንሱ እስኪደርስ ልብሱን አላልቶ ገላውን እያረጠቡ ማራገብ ነው፤ ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ አይጋትም።

ከእኛ መካከል ስንቷ ናት ቤት ለቤት አረጋውያን እየጦረች የምትኖረው? በሙቀት ቀን ስዊድናዊቷን አሮጊት «ውሃ ጠጥተዋል?» ብላ ሳትጠይቅ አትወጣም። ማታ ለገዛ እናቷ ስትደውል የምትጠይቀው ግን «ቡና ጠጣሽ?» ነው። እህቴ፣ ዛሬ ስትደውዪ ስለ ውሃው ጠይቂያት፤ መስኮቱንም አስከፍቻት።