ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ሁለት ቶን

በካሊፎርኒያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የቤቱን የውኃ ማሞቂያ ጋን በብረት ቀበቶ ከግድግዳው ጋር ታስሮ ያገኘዋል። ማሰሪያው የግዛቲቱ ሕግ ያስገደደው ነው። ምድር ስትናወጥ ያልታሰረ ጋን ይወድቃል፤ ሲወድቅም የጋዝ ቧንቧ በጥሶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ ቤተሰቡ በችግር ቀን ሊጠጣው የሚችለው ውኃም ይፈስሳል። ይኸው ሰው ለዓመታት በቆጠበው ገንዘብ አዲስ አበባ ላይ ባሠራው ቤት አናት ግን ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሳይታሰር ቆሞ ሊሆን ይችላል።

ሮቶው እዚያ የወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። በከተማዋ ብዙ ሰፈሮች ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። በመጣም ጊዜ ግፊቱ ፎቅ ላይ ላይደርስ ይችላል። ጣሪያ ላይ የተጠራቀመ ውኃ ግን መብራት ቢጠፋም በራሱ ክብደት ይወርዳል። ቤተሰቡ ለአንዱ ችግር ብልሃት ሲያበጅ ሌላውን ችግር አናቱ ላይ ሰቅሏል። ስሕተቱ የሚጀምረውም የውኃ እጥረትና የመሬት መንቀጥቀጥ ለየብቻ ከመታሰባቸው ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ሁለት ሺህ ሊትር ሁለት ቶን ነው። በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ሕንፃን የሚገፋው ኃይል በክብደቱ ልክ ያድጋል፤ ንቅናቄውም ከመሬቱ ይልቅ አናቱ ላይ ይበረታል። ውኃው ራሱም በጋኑ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተላተመ ይገፋል። መሬት ላይ ቢቀመጥ ብዙም የማያሰጋ ጋን በቀጭን የብረት ማማ ላይ ሲወጣ ለቤቱም፣ ከሥሩ ለሚያልፈውም ሰው አደጋ ይሆናል።

አደጋው የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከጎርጎርሳውያኑ 2024 መገባደጃ እስከ 2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ደጋግማ ተናውጣለች። በየካቲት 2025 ከተመዘገቡት አንዱ መጠኑ 6.0 ደርሷል። በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቅቀዋል፤ አዲስ አበባ ውስጥም ነዋሪዎች ከፎቅ ወደ ደጅ የሮጡባቸው ሌሊቶች ነበሩ። በ1961 የካራቆሬው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። በ1906ም በስምጥ ሸለቆው የደረሰ ብርቱ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን አናግቷል። በዚያ ዘመን ግን ከተማዋ በአብዛኛው የጭቃና የእንጨት ቤት ነበረች። ዛሬ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ አጠገብ የቆመችው የኮንክሪትና የብሎኬት ከተማ ናት።

በዚያው በ1906 ሳን ፍራንሲስኮ ያየችው ለውኃው ጉዳይ ትልቅ ትምህርት ነው። መንቀጥቀጡ የከተማዋን የውኃ ቧንቧዎች ሰባበረ፤ እሳት ሲነሣ ማጥፊያ ውኃ ታጣ፤ ቃጠሎውም ለቀናት ዘለቀ። ከተማዋ ከዚያ በኋላ ለእሳት አደጋ ብቻ የሚያገለግል የተለየ የውኃ መስመርና የመሬት ውስጥ ማጠራቀሚያዎች ሠራች። በ1995 በጃፓን ኮቤ ከተማም የውኃ መስመሮች ተበጣጥሰው ብዙ ነዋሪዎች ለሳምንታት በጀሪካን ወረፋ ቆመዋል።

የውኃ እጥረት ቤቱን ገና ሲገነባ ጀምሮ ሊያዳክመው ይችላል። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለሰባት ቀን ያህል እርጥበት ይፈልጋል፤ ሳይጠጣ የደረቀ ምሰሶ የታሰበለትን ጥንካሬ አያገኝም። ውኃ በቦቴ በሚገዛበት ሰፈር ደግሞ መጀመሪያ የሚቀነሰው ይህ ወጪ ይሆናል። በተቃራኒው ሲቦካ ውኃ የበዛበት ኮንክሪት ለሠራተኛው ይቀልለዋል እንጂ ጥንካሬው ይወርዳል። የምሰሶ ስታፋ ከተራራቀ ወይም ጫፉ ወደ ውስጥ በደንብ ካልታጠፈ ውጭው ቢያምርም ቤቱ ደካማ ነው። ከታች ለሱቅ ተብሎ ግድግዳ የሌለው፣ ከላይ ግን በብሎኬት የተዘጋ ሕንፃም መጀመሪያ የሚሰበረው ከእግሩ ነው።

እንግዲህ ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ ወይም ከፍራንክፈርት ሆኖ ግንባታውን በስልክ የሚከታተል ባለቤት ስለ ሴራሚኩና ስለ በሩ ከመጠየቁ በፊት ሌላ ጥያቄ ማስቀደም አለበት። መሐንዲሱ ሕንፃውን ለመሬት መንቀጥቀጥ አስልቶታል? በስሌቱ ውስጥ ሮቶው ከነውኃው ተቆጥሯል? ምሰሶዎቹ ከመሞላታቸው በፊት ስታፋቸው ፎቶ ተነሥቷል? ኮንክሪቱን ስንት ቀን ውኃ አጠጡት? ለእነዚህ መልስ ማግኘት ከእብነ በረድ ይልቅ ርካሽ ነው።

የተሠራ ቤት ላለውም መላ አለ። ትልቁን ማጠራቀሚያ ምድር ላይ ማውረድ፣ ጣሪያ ላይ ለአንድ ቀን የሚበቃ ትንሽ ጋን ብቻ መተው፣ እርሱንም ከኮንክሪቱ ጋር በጥብቅ ማሰርና ከቧንቧው ጋር በሚታጠፍ ጎማ ማገናኘት ይቻላል። ፓምፕ ወጪ አለው፤ መብራት ሲጠፋም ይቆማል። ጣሪያ ላይ የሚቀረው ትንሹ ጋን ለዚያ ሰዓት ነው። ለክፉ ቀን ደግሞ ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር ቢታሰብ፣ አምስት ነፍስ ላለው ቤት የሦስት ቀን ውኃ ስድሳ ሊትር፣ ማለትም ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ይህ ከብዙዎች አቅም በላይ አይደለም።

ቤተሰብ ብቻውን የማይችለው ግን አለ። አገሪቱ የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመለከት የሕንፃ ዲዛይን ደንብ አላት፤ ደንብ ግን ሕንፃ የሚያቆመው ግንባታው ቦታ ድረስ ሲወርድ ነው። ከተማዋ ከለገዳዲ፣ ከገፈርሳና ከአቃቂ ጉድጓዶች የምታመጣው ውኃ አንዱ መስመር ቢበጠስ በሌላው የሚተካበት መንገድ ያስፈልጋታል። ሆስፒታሎችና የእሳት አደጋ ጣቢያዎች የራሳቸው ማጠራቀሚያ ሊኖራቸው ይገባል። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠውም አካል የጣሪያ ሮቶን እንደ ሕንፃው አካል ቆጥሮ ሊጠይቅበት ይገባል። የውኃ ፈረቃው ባልተፈታ መጠን ሕዝቡ ሮቶውን አያወርድም፤ አውርድ ቢባልም አይፈረድበትም።

ውኃ የሌለበት ቤት መኖሪያ አይሆንም፤ ውኃው የሚያፈርሰው ቤትም እንዲሁ። በሎስ አንጀለስ የጋኑን ማሰሪያ በየቀኑ እያየ የሚያልፍ ሰው ዛሬ ማታ ወደ አዲስ አበባ ሲደውል ከሰላምታው ቀጥሎ «ሮቶው ታስሯል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ አንድ ትልቅ ሥራ ይጀመራል።