ቡናው ወደ መጋዘን ሲገባ ደወሉ ይሠራ ይሆን?

የቡና አገር ኢኮኖሚ የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው። በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ፣ በማናና በጌራ ከጥቅምት ጀምሮ እሸት ቡና ይለቀማል። እስከ ጥር ባሉት ወራት መጋዘኑ ይሞላል፣ የባንክ ቅርንጫፎች ካዝናም ይከብዳል። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ደግሞ ክረምት ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። እርጥበቱ፣ መብረቁና የመብራት መቆራረጡ የሕንፃ ጥበቃ መሣሪያዎችን በእጅጉ የሚጎዳውም በዚሁ ወቅት ነው። በሌላ አነጋገር መሣሪያው በጣም በተዳከመበት ሰዓት የሚጠበቀው ንብረት ከምንጊዜውም በላይ ይበዛል። ከመስቀል በፊት መደረግ ያለበት ፍተሻ የማይደረግ ከሆነ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካሜራና የጭስ ጠቋሚ ከጌጥነት አያልፍም።

ችግሩ መሣሪያ አለመኖሩ አይደለም። አንድ ባለሀብት ፎቅ ወይም መጋዘን ሲያስገነባ ካሜራ፣ የሌባ ማስጠንቀቂያ ደወልና የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ከምርቃቱ ወጪ ጋር ይገዛል። ከምርቃቱ በኋላ ግን ለጥገና የሚመደብ ገንዘብ ብዙ ጊዜ በበጀቱ ውስጥ አይገኝም። ሕጉም ቢሆን ያተኮረው በመክፈቻው ቀን ላይ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ትልልቆቹን የምድብ «ሐ» ሕንፃዎች የመጠቀሚያ ፈቃድ እንዲያወጡ ያስገደደ ሲሆን፣ ተፈጻሚነቱም በዋናነት 10 ሺሕና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ላይ ነበር። ቡና የሚከማችባቸው ትንንሽ የገጠር ከተሞች ከዚህ መስመር በታች መቅረታቸው ልብ ሊባል ይገባል።

መሣሪያዎቹ እንዴት እንደሚሞቱ ማየቱ ጠቃሚ ነው። ጀንፈል በሚቀሸርበት ግቢ የገለባ ብናኝ አየሩን ይሞላዋል። ብናኙ የጭስ ጠቋሚው ውስጥ ሲገባ መሣሪያው ጭስ ያየ ይመስለውና በሌሊት ይጮኻል። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። በአራተኛው ዘበኛው ባትሪውን ይነቅለዋል። በዘበኛው መፍረድ አይቻልም፤ ጠቋሚውን በየጊዜው በብሩሽ ወይም በአየር የሚያጸዳ ሰው አለመቀጠሩ ነው ጥፋቱ። የደወሉ መጠባበቂያ ባትሪም እንዲሁ ነው። በተለምዶ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሚያገለግለው ባትሪ መብራት በተደጋጋሚ ሲጠፋ እስከ ታች እየተሟጠጠ ዕድሜው ያጥራል። መብራት ባለበት ሁኔታ ሲታይ ደህና ይመስላል። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ግን ደወሉ አብሮ ይጠፋል፤ ሌባ የሚመርጠውም ይህንኑ ሰዓት ነው። ስለዚህ ባትሪው የሚፈተነው ቆጣሪውን አጥፍቶ ደወሉ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ በመለካት ነው።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ደግሞ አለች፤ የካሜራው ሰዓት። መቅጃ ማሽኑ በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ይሠራል፤ የተረኛ መዝገቡ በኢትዮጵያ። ዘበኛው «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብሎ የጻፈውን ካሜራው 2 ሰዓት ይለዋል። ይህ ብቻ ቢሆን በስሌት ይስተካከላል። ነገር ግን የማሽኑ የውስጥ ባትሪ ሲያልቅ ቀኑ ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ቀረጻው ፖሊስ ጣቢያ ቢደርስም የማስረጃነት ክብደቱ አጠያያቂ ይሆናል።

ፍተሻ ሲባል ዝም ብሎ መነካካት ማለትም አይደለም። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣት ቻሉ። ካወጡት መካከል የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎችም ነበሩበት። ብሔራዊ ባንክ ችግሩ የተፈጠረው በጥገናና በፍተሻ ሥራ ወቅት መሆኑን ገለጸ፤ ንግድ ባንክም መጠኑን 801 ሚሊዮን ብር ገደማ አድርጎ አሳወቀ። ጉዳዩ የኮምፒዩተር እንጂ የሕንፃ አይደለም። ሆኖም ጠጋኙ ከሄደ በኋላ ሥራው መልሶ ካልተፈተሸ ጥገናው ራሱ በር ሊከፍት እንደሚችል በግልጽ አሳይቷል። ካሜራ ጠግኖ የወጣ ቴክኒሻን የደወሉን መስመር ሳይመልስ ቢሄድ ማን ያውቃል?

ሰውየውም የመሣሪያው አካል ነው። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የፓሪሱ የኖትርዳም ካቴድራል ሲቃጠል የማስጠንቀቂያ ሥርዓቱ በሰዓቱ ጮኾ ነበር። ምልክቱ በትክክል ባለመነበቡ ጠባቂው ወደ ሌላ ሕንፃ ተላከና ግማሽ ሰዓት ገደማ ጠፋ። ይህ የሆነው የእሳት አደጋ ብርጌድ በቅርብ ባለበት ከተማ ነው። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ርዳታ ከጅማ መጠራት ካለበት፣ መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢበር እንኳ መንገዱ ብቻ 45 ደቂቃ ይፈጃል። ያ ጊዜ ለደረቅ ጀንፈልና ለጆንያ ክምር ብዙ ነው። በመሆኑም በአጋሮ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም እሳት አጥፊ ሌሊት ተረኛ የሆነው ሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሲሊንደሩን ነቅሎ የተለማመደ ስንቱ ነው?

ታዲያ ማን ያስገድድ? ማዘጋጃ ቤት ያስገድድ ማለት ቀላል ነው፤ ይህ ጸሐፊ ግን ብዙ ተስፋ አያደርግም። የበለጠ ጉልበት ያላቸው አበዳሪውና መድን ሰጪው ናቸው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2001 ዓ.ም. ቡና ማገበያየት ሲጀምር የአቅራቢው ቡና ለግብይት የሚቀመጠው በድርጅቱ መጋዘን ነበር፤ ጥበቃውም የድርጅቱ ኃላፊነት። የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ከወጣ ወዲህ ግን ከምርት ገበያው ውጭ ለሚደረግ ግብይት በሩ ሰፍቷል። በዚህ መንገድ የሚሸጠው ቡና እስኪጫን ድረስ የሚቆየው በግል መጋዘን ነው፤ አደጋውም አብሮ ወደ ባለቤቱ ዞሯል። ብዙው ግዢ የሚፈጸመው በባንክ ብድር በመሆኑ፣ ቡናው ቢቃጠል ዕዳው አይቃጠልም።

የመድን ኩባንያ ውል ሲፈርም «የእሳት ማጥፊያ አለ ወይ? ደወል አለ ወይ?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው። መጠየቅ ያለበት ግን መጨረሻ የተፈተሸበትን ቀን፣ የፈተሸውን ሰውና የፈረመበትን መዝገብ ነው። ባንኩም የመኸር ብድር ከመልቀቁ በፊት፣ በመስከረም፣ ይህንኑ አንድ ገጽ መዝገብ ቢጠይቅ ለባለ መጋዘኑ የሚያስወጣው የአንድ ቴክኒሻን የቀን ክፍያና የጥቂት ባትሪዎች ዋጋ ነው።