ለጠየቀ ሁሉ እውነቱን አትስጡ

እዚህ አሜሪካ አብረን ያረጀን ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የምነግራችሁን እንደ ሽማግሌ ጨዋታ አትስሙት። ሆድ ከአገር ይሰፋል ተብለን ያደግን ሰዎች ነን። ከጎረቤት የደበቅነውን ግን ለግሮሰሪ ቅናሽ ካርድ እንዘረዝራለን፤ ቅጹ ስለጠየቀ ብቻ።

«ስሜን ካልጻፍኩ በምን ያውቁኛል?» የምትሉ አላችሁ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የማሳቹሴትስ ግዛት የሠራተኞቹን የሕክምና መዝገብ ስም ፍቆ፣ የልደት ቀኑን፣ ጾታውንና ዚፕ ኮዱን ግን ትቶ ለተመራማሪዎች ሰጠ። ላታንያ ስዊኒ የምትባል ተማሪ የካምብሪጅ ከተማን የመራጮች ዝርዝር በ20 ዶላር ገዝታ ከመዝገቡ ጋር አመሳከረችው። በዝርዝሩ ላይ ከአገረ ገዢው ከዊልያም ዌልድ ጋር በአንድ ቀን የተወለዱት ስድስት ነበሩ፤ ወንዶቹ ሦስት፤ በእሱ ዚፕ ኮድ የሚኖረው እሱ ብቻ። የሰውዬው ሕመም በዚህ ተገለጠ። ያውም የሚከታተል ስልክ በየኪሱ ባልገባበት ዘመን።

ስለዚህ ለሱቅ፣ ለኩፖን፣ ለስልክ ጨዋታ ሌላ የልደት ቀን ስጡ። ኃጢአት ነው ወይ የምትሉ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ እኔ በበኩሌ ሻጭ ልደቴን የማወቅ መብት አለው ብዬ አላምንም። የኢንተርኔት ማስታወቂያውን ሁሉ በራሱ እየተጫነ የሚከታተሏችሁን የሚያደናግር አድኖዚየም የሚባል ፕሮግራምም አለ፤ ጎግል በ2017 ከክሮም መደብሩ አስወጥቶታል። ነገር ግን ስልካችሁ የት እንደምታድሩ እየተናገረ በእሱ ብቻ አትመኩ።

ይበልጥ የሚያስፈራኝ የእናት ስም ነው። ባንክ «የእናትህ የቤተሰብ ስም ማነው?» ሲል ፈረንጅ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ስለምትተው ምስጢር ይመስለዋል። የእኛ እናቶች የአባታቸውን ስም ይዘው ነው የሚሞቱት። እኛ ደግሞ ሲያርፉ ፎቶአቸውን ከነሙሉ ስማቸው፣ ከነአርባቸው ቀን ፌስቡክ ላይ እንለጥፋለን። በ2008 የያኔዋ የምክትል ፕሬዚዳንት ዕጩ የሣራ ፔሊን ኢሜይል የተከፈተው በእንዲህ ያለ ጥያቄ ነው፤ የልደት ቀኗን፣ ዚፕ ኮዷን፣ ከባሏ የት እንደተዋወቀች አንድ ተማሪ ከኢንተርኔት ለቅሞ መለሰ። የይለፍ ቃል ሲጠፋ ለሚመጣ ጥያቄ መልሱ እውነት መሆን የለበትም፤ መጀመሪያ ከሰጣችሁት ጋር መግጠሙ ይበቃል። በእናታችሁ ስም ፈንታ የማይገናኝ ቃል አስገቡና በደብተር ጻፉት። ካልጻፋችሁት ከገዛ ሂሳባችሁ ውጭ ትቀራላችሁ።

አደራ ግን፣ ይህን ምክር ወደ ኢሚግሬሽን፣ ወደ ግብር፣ ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ ወይም ወደ ባንክ ማመልከቻ እንዳትወስዱት። ለፌዴራል መንግሥት አውቆ ሐሰት መናገር እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። በስደት ስትመጡ ልደታችሁ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተጻፈላችሁም፣ በሕግ እስክታስለውጡት ድረስ በመንግሥት ወረቀት ላይ ያንኑ ጻፉ። ሐኪም ቤትም እንዲሁ ነው፤ ቀኑ ከተለያየ መዝገባችሁ ለሁለት ይከፈልና የማይስማማችሁ መድኃኒት የተጻፈበት ገጽ ለሐኪሙ ላይታየው ይችላል። ለሱቅ ሐሰተኛ ስልክ ስትሰጡም የሌላ ሰው ቁጥር እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ ደዋዮቹ ያንን ምስኪን እንቅልፍ ይነሱታል።