በልጆች መጫወቻ ሥፍራ ድምፅ ሲደራረብ



ባለፈው እሑድ ልጆቼን ይዤ ወደ አንድ መጫወቻ ሥፍራ ሄጄ ነበር። ሽክርክሪቱ በአንድ ዘፈን፣ ባቡሩ በሌላ፣ ሻይ ቤቱም በራሱ ድምፅ ማጉያ ይጮኻሉ። ዘፈኖቹ እያንዳንዳቸው ደኅና ነበሩ፤ አብረው ሲጮኹ ግን ታናሺቱ ልጄ ጆሮዋን ይዛ «አባባ፣ እንሂድ» ስላለች የከፈልንበትን ትተን ወጣን።

ይህ ችግር ዋልት ዲስኒንም ገጥሞት ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 በኒውዮርክ ለተከፈተው የዓለም ኤግዚቢሽን፣ ተመልካች በጀልባ ተቀምጦ የየአገሩን ሕፃናት አሻንጉሊቶች የሚያይበት ትርዒት ሲሰናዳ፣ እያንዳንዱ አገር ብሔራዊ መዝሙሩን እንዲያሰማ ታስቦ ነበር። ሲሞከር ጫጫታ ብቻ ሆነ። ስለዚህ የሸርማን ወንድማማቾች አንድ ቀላል ዜማ ደረሱ፤ አዝማቹና ስንኙ በአንድ ጊዜ ቢዘፈኑም አይጋጩም። (በልጅነቴ በትምህርት ቤት መዘምራን መካከል ሁለት ዜማ አስማምቶ መዘመር ስለተማርኩ ድካሙ ይገባኛል።) ጀልባው ሲያልፍ ቋንቋው ይለወጣል እንጂ ዜማው አይቋረጥም። ትርዒቱ በ1966 ወደ ካሊፎርኒያው ዲስኒላንድ ተዛወረ።

ለእኛው ሥፍራ አዲስ ዘፈን ማስደረስ አያስፈልግም። ኃላፊው አንድ ዘፈን መርጦ በሁሉም ማጉያዎች ዝቅ አድርጎ ቢያሰማ ይበቃል። የሻይ ቤቱን ግን ከነጭራሹ ቢዘጋው ደግ ነው።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር